ወጪውን ይመልሳል? የሶፍትዌር መሥሪያዎችን ከማሻሻል በፊት የሚሠራ ስሌት

አምስት ፕሮግራመሮች ያሉበትን አንድ አነስተኛ የአዲስ አበባ ድርጅት እናስብ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ፣ ኮድ የሚጽፉበት ፕሮግራም በክፍያ በሚገኝ የተሻለ ቢተካ ለእያንዳንዳቸው በቀን 15 ደቂቃ ያህል እንደሚቆጥብላቸው ይናገራል። ዋጋው በወር ለአንድ ሰው 20 ዶላር ነው። ሥራ አስኪያጁ ኢንተርኔት ላይ ምክር ቢፈልግ የሚያገኘው መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ለባለሙያ መሣሪያ የሚወጣ ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ስለሚመልስ አትሰስት ይለዋል። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የጻፉት ሰዎች ደመወዛቸውም የመሣሪያቸው ዋጋም በዶላር የሚታሰብ ስለሆነ፣ ደመወዙ በብር፣ መሣሪያው በዶላር የሚከፈልበት ቢሮ ውስጥ ምክሩን እንዳለ መቀበል ያከስራል።

ስሌቱን እንሥራው። አምስት ሰው በቀን 15 ደቂቃ ሲቆጥብ 75 ደቂቃ ይሆናል፤ በወር 22 የሥራ ቀናት ቢያዝ 27 ሰዓት ከግማሽ ይመጣል። አንድ ፕሮግራመር ከደመወዙ፣ ከጡረታ መዋጮውና ከሌላው ወጪ ጋር ድርጅቱን በወር 40,000 ብር ያስወጣል እንበል፤ ይህ ለስሌት እንዲመች የተያዘ ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ቢሮ ቁጥር ይተካው። በወር 176 የሥራ ሰዓት ስላለ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 227 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ የተቆጠበው ጊዜ በወር 6,250 ብር ያወጣል። የአምስቱ ሰዎች ክፍያ ደግሞ 100 ዶላር ነው።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ምንዛሪ መሣሪያው 5,700 ብር ያስወጣ ስለነበር ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ግዢው ያዋጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ዶላሩን ለስሌት ያህል በ130 ብር ብናስበው ክፍያው 13,000 ብር ስለሚሆን፣ ያው መሣሪያ፣ ያው የተቆጠበ ጊዜ፣ ያው ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ድርጅቱ በየወሩ 6,750 ብር ይከስራል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለና ለድርጅቱ በሰዓት 50 ዶላር የሚያስወጣ ፕሮግራመር ቢሆን ግን ያው 27 ሰዓት ከግማሽ 1,375 ዶላር ስለሚያወጣ፣ 100 ዶላሩን ከፍሎ ማሰብ እንኳ አያስፈልግም።

እስከዚህ ያለው መጥፎው ዜና ነው። ስሌቱን ገልብጠን ስናየው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። የፕሮግራም ቋንቋውን ራሱን፣ ማለትም ፒኤችፒን፣ ፓይተንን ወይም ጃቫን ወደ አዲስ እትም ማሻገር ብዙውን ጊዜ ለፈቃድ ምንም አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው የሰው ሰዓት ብቻ ነው። ሥራው 300 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ ዋሽንግተን ላለው ቢሮ 15,000 ዶላር፣ ለአዲስ አበባው ግን 68,000 ብር ገደማ ወይም 525 ዶላር ያህል ነው። በዶላር የሚገዛው ማሻሻያ ለእኛ ውድ፣ በጉልበት የሚሠራው ማሻሻያ ግን ለእኛ ርካሽ ነው ማለት ነው። እኔ ያየኋቸው ቢሮዎች አብዛኞቹ ግን የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ኮድ መጻፊያው ሁልጊዜ አዲሱ ነው፤ ተገዝቶ ካልሆነም ክራክ ተደርጎ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ይመጣል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ ግን ድጋፉ፣ ማለትም ሠሪዎቹ ማረሚያ የሚያወጡለት ጊዜ፣ ካበቃ ዓመታት ያለፉት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኮድ መጻፊያዎቹ ጥቂት ልበል፤ ይህኛው ወገን ቀላሉ ነው። ቀላል የሚያደርገው መመለስ መቻሉ ነው። አንድ ፕሮግራመር ዛሬ መጻፊያውን ቀይሮ ነገ ቢጸጸት ኮዱ ያው ኮድ ስለሆነ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ስብሰባ አያስፈልገውም፤ ለአንድ ሰው የሙከራ ጊዜ ወስዶ ማየት ይበቃል። ከመክፈል በፊት ደግሞ በነፃ ያለውን መመርመር ተገቢ ነው። ከ2015 ጀምሮ ያለው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለብዙው ሥራ ይበቃል። የማይክሮሶፍት ትልቁ መሣሪያ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ኮሚዩኒቲ የሚባል ነፃ እትም አለው፤ ከ250 ኮምፒዩተር በታችና በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ገቢ ያለው ድርጅት እስከ አምስት ሰው ድረስ በሕጋዊ መንገድ ሊሠራበት ይችላል። የእኛ ምሳሌ አምስት ሰው ስላሉት ልክ እዚያው ወሰን ላይ ነው። ኮድ መጻፊያዎችን የሚሸጠው ጄትብሬይንስ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ለከፈለ ሰው፣ ክፍያውን ቢያቆምም አንዱን እትም ለዘለቄታው እንዲጠቀምበት ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ማሳደስ ግዴታ አይደለም፤ በሦስት ዓመት አንዴ መክፈልም አንድ አማራጭ ነው።

ከዋጋው ሌላ መክፈያው ራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ትናንሽ ቢሮዎች የሚከፍሉት አሜሪካ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ይህ የዋህ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈቃዱ በዘመድየው ስም ተመዝግቦ፣ ካርዱ ጊዜው አልፎ ወይም ዘመድየው አድራሻ ቀይሮ ሲገኝ የአምስት ሰው ሥራ በአንድ ጠዋት ይቆማል። ይህን አደጋ እንደ ወጪ መቁጠር ያስፈልጋል።

ክራክ የተደረገውን በተመለከተ ደግሞ የሕጉንና የሥነ ምግባሩን ጉዳይ ለጊዜው ትተን ሒሳቡን ብቻ እንይ። በሴፕቴምበር 2015 ኤክስኮድጎስት የተባለው ጉዳይ ሲጋለጥ የታየው የሚከተለው ነበር፦ ቻይና ውስጥ ያሉ ፕሮግራመሮች የአፕል መተግበሪያዎች የሚሠሩበትን ኤክስኮድን ከአፕል ሰርቨር ማውረድ በጣም ስለዘገየባቸው ከአገር ውስጥ የፋይል መጋሪያ ቦታዎች ያወርዱት ነበር። እዚያ ያለው ቅጂ ግን ተነካክቶ ስለነበር በእርሱ የተሠራ መተግበሪያ ሁሉ ሠሪው ሳያውቅ ጎጂ ኮድ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ከተበከሉት መካከል ዊቻት የተባለው የቻይና የመልእክት መተግበሪያ አንዱ እትም ይገኝበታል። የተበከለ ኮድ መጻፊያ ከተበከለ ጨዋታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ጉዳቱ በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አይቀርም፤ በደንበኞቹ ሁሉ ስልክ ውስጥ ይገባል።

ፈቃድ ሲነሣ ጃቫን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የጃቫ ባለቤት የሆነው ኦራክል ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ባወጣው አከፋፈል የሚቆጠረው ጃቫን የሚጠቀመው ሰው ሳይሆን የድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ ነው። አሥር ፕሮግራመር ያለው፣ ነገር ግን በየቅርንጫፉ በሺዎች የሚቆጠር ገንዘብ ተቀባይና ጥበቃ ያለው ድርጅት ሒሳቡ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ደግነቱ ኦፕንጄዲኬ ከሚባለው ከዚያው ምንጭ የሚዘጋጁ፣ እንደ ቴሙሪንና ኮሬቶ ያሉ ነፃ ቅጂዎች ስላሉ ለአብዛኛው ሥራ መክፈል አያስፈልግም። የትኛው ቅጂ ሰርቨሩ ላይ እንደተጫነ ማወቅ ብቻ ገንዘብ የሚያድንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። የቋንቋ እትም መቀየር እንደ ኮድ መጻፊያ መቀየር አይደለም፤ ኮዱ ራሱ ስለሚነካ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ወደ ፊት ከመሄድ የባሰ ይከብዳል። ፒኤችፒ 7.0 በዲሴምበር 2015 ሲወጣ ፍጥነቱ 5.6 ከተባለው ከቀድሞው እትም ሁለት እጥፍ ያህል እንደሆነ ተነገረ፤ በብዙ ሥራ ላይም እውነት ነበር፤ ያው ሰርቨር ብዙ ደንበኛ ማስተናገድ ስለቻለ ሌላ ሰርቨር የመከራየት ወጪ ቀረ። ነገር ግን በዚያው እትም ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ከመረጃ ቋት ጋር የሚነጋገሩባቸው የድሮዎቹ የማይኤስኪውኤል መመሪያዎች ሙሉ በሙሉ ተወገዱ። እነዚያን መመሪያዎች በሦስት መቶ ፋይል ውስጥ የበተነ ሰው ሦስት መቶውንም ፋይል መክፈት ነበረበት። ስለዚህ ብዙው ባለበት ቀረ፤ የ5.6 የደኅንነት ድጋፍም ዲሴምበር 31 ቀን 2018 አበቃ።

እንዲህ ያለው የሚሰበር ኮድ ግን ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ ወዲያውኑ ስለሚጮህ ይታወቃል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጅምላ ነጋዴ የተሠራ የዱቤ መመዝገቢያ ከፒኤችፒ 7.4 ወደ 8 ሲሸጋገር ሥራውን የመራሁት እኔ ነበርሁ። ገጾቹ ሁሉ ተከፈቱ፤ አንድም የስህተት መልእክት አልታየም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ ብለን ወጣን። ሰኞ ጠዋት የሱቁ ሒሳብ ያዥ ደወለች። «ምን አድርጋችሁት ነው? ባለዕዳ ዝርዝር ውስጥ በዕድሜያቸው ዱቤ ወስደው የማያውቁ ሰዎች ገብተዋል። አንዷን እናት ደውዬ ‹ዕዳዎን› ብላቸው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ» አለችኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ዝርዝሩን የሚያወጣው ኮድ «ዕዳው ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ ደንበኛውን ዝለለው» የሚል ነበር። ዱቤ ወስደው የማያውቁት ደንበኞች የዕዳ ሳጥናቸው ዜሮ አልተጻፈበትም፤ ባዶ ነበር። እስከ 7.4 ድረስ ፒኤችፒ ባዶ ጽሑፍን ከዜሮ ጋር ሲያነጻጽር እኩል ናቸው ይል ነበር፤ ከ8 ጀምሮ ግን እኩል አይደሉም ይላል። አዲሱ አሠራር ትክክለኛው ነው፤ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። ኮዱ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ የኮዱ ትርጉም ተለውጦ ነበር። ማረሙ ሃያ ደቂቃ ብቻ ወሰደ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቀናትም፣ ሒሳብ ያዥዋ የሰማችው ቁጣም፣ ነጋዴው ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ላይ የሚጠይቀን ጥያቄም በሥራው ግምት ውስጥ አልነበሩም።

የዚህ ዓይነቱን ሥራ ወጪ የሚወስነው እንግዲህ የኮዱ ብዛት ብቻ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚወስነው ኮዱ ራሱን የሚፈትሽበት ቴስት ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። «የዕዳ ሳጥኑ ባዶ የሆነ ደንበኛ በባለዕዳ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ» የሚል አምስት መስመር ቴስት ቢኖረን ኖሮ ስህተቱ ዓርብ ዕለት ከቢሮ ሳንወጣ በታወቀ ነበር። ቴስት የሌለው ፕሮግራም ይዞ የቋንቋ እትም ለመቀየር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ገንዘብ ለሚነኩት ክፍሎች ቴስት ይጻፍ፤ ሰዓቱንም በማሻሻያው ወጪ ላይ ይደምር። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን የሚወስደው ይህ ነው። ለፒኤችፒ እንደ ሬክተር ያሉ፣ የቆየ ኮድ አንብበው በአዲሱ አጻጻፍ የሚያስተካክሉ ነፃ መሣሪያዎች አሉ፤ ድካሙን በእጅጉ ያቀልላሉ። ባዶውንና ዜሮውን የመሰለውን ግን የነጋዴውን ሥራ ከሚያውቅ ሰው በቀር ማንም አይለየውም።

ሥራው የሚፈጀውን ሰዓት አስቀድሞ ለመገመት የማውቀው አስተማማኝ መንገድ አንድ ነው። ከፕሮግራሙ አንድ ክፍል መርጦ፣ ቅጂ ወስዶ፣ ሁለት ቀን ሠርቶበት ማየት። የሚመረጠው ግን የተዝረከረከው፣ ማንም ሊነካው የማይወደው ክፍል መሆን አለበት፤ ቀላሉን ክፍል ሞክሮ የሚወጣ ግምት ሁልጊዜ ያጭበረብራል። ከዚያ የፈጀውን ሰዓት በክፍሎቹ ብዛት ማብዛትና ላልታሰበው ጨምሮ መያዝ ነው። እኔ ግማሽ እጨምራለሁ፤ ከላይ ካለው ታሪክ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ቆይቶ መሥራትስ? ሥራ አስኪያጆች አዘውትረው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ፓይተን 3.0 በዲሴምበር 2008 ሲወጣ ከቀድሞው ከ2 ጋር የማይግባባ ስለነበር ሁሉም ለመጠበቅ ወሰነ። የ2 ድጋፍ በ2015 ያበቃል ተብሎ ነበር፤ ተሻጋሪ ስላልተገኘ በ2014 ቀኑ ወደ 2020 ተራዘመ። የፋይል ማከማቻ ድርጅቱ ድሮፕቦክስ የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በሚሠራበት ጊዜ እንኳ በ2015 የጀመረውን ሽግግር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ማራዘሙ ለጠበቁት ጥቅም ነበረው ማለት ይቻላል፤ በመሃሉ ላይብረሪዎቹ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች) ስለተሻገሩ ዘግይቶ የጀመረ ሰው መንገዱ ተጠርጎ አገኘው። ስለዚህ አዲስ እትም በወጣ ማግስት መሻገር ጀግንነት አይደለም። ሌሎቹ ከተሻገሩና ድጋፉ ገና ካላለቀ የሚሻለው ጊዜ ያ ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ግን የፓይተን ጉዳይ ልዩ ነበር። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ሦስት ባይት (የኮምፒዩተር የመረጃ መለኪያ) ይወስዳል። ፓይተን 2 ተራውን ጽሑፍ በባይት ስለሚቆጥር «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዘጠኝ ይል ነበር፤ ፓይተን 3 ሦስት ይላል። የስም መጻፊያው ቦታ በአሥር እንዲገደብ በተጻፈ ፕሮግራም ላይ «ወልደሚካኤል» ሲገባ ሦስት ፊደልና የአራተኛው ሲሶ ብቻ ይቀርና መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣ ነበር። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ቢሮ ወደ 3 መሻገር ወጪ ብቻ ሲሆን፣ ለእኛ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጥቅም ነበረው። ያው ማሻሻያ ለሁለት ቢሮዎች ሁለት ዓይነት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ነገሩን በፒኤችፒ በኩል ካየነው፣ ፒኤችፒ 6 ይህንኑ የፊደል ጉዳይ ከሥሩ ሊፈታ ታቅዶ በ2010 የተተወ እትም ነው፤ ከ5 ወደ 7 የተዘለለውም በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የፒኤችፒ ተራ የርዝመት መቁጠሪያ በባይት ይቆጥራል፤ ፊደል ለመቁጠር ሌላ መመሪያ መጠቀም ግድ ነው። አዲስ እትም የእኛን ችግር ይፈታል ብሎ ከመገመት በፊት ዝርዝሩን ማንበብ ይበጃል።

መዘግየት የራሱ ወለድ አለው፤ ወለዱ የሚታየው ግን በክፉ ቀን ነው። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ሎግፎርሼል የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ አጥቂው ወደ ሰርቨሩ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ በመላክ የፈለገውን ማስፈጸም ይችል ነበር። መጀመሪያ የወጣው ማረሚያ ጃቫ 8ን ይጠይቃል። በ8 ላይ የነበረ ቢሮ አንድ ፋይል ተክቶ ተኛ፤ በ7 እና በ6 ላይ የቀረው ግን ለእርሱ ለብቻው ማረሚያ እስኪዘጋጅለት ቀናት መጠበቅ ነበረበት። ጃቫ 8 የወጣው በማርች 2014 ስለሆነ፣ ወለዱ የተጠየቀው ከሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን በብር አስቀድሞ ማስላት ያስቸግራል፤ እንደ መድን ዓረቦን ማሰብ ይሻላል።

ጥቂት ማሻሻያዎች ደግሞ ስሌት አያስፈልጋቸውም፤ ቀኑን ሌላ ሰው ቆርጦታልና። ጉግል ፕሌይ ከኦገስት 31 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ መተግበሪያም ሆነ የነባሩ ማሻሻያ አንድሮይድ 14ን ታሳቢ ያላደረገ እንደሆነ አይቀበልም ብሎ ነበር፤ በየዓመቱም ወሰኑን ከፍ ያደርጋል። አፕል ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በኤክስኮድ 16 ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ እትም ያልተሠራ መተግበሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ ኤክስኮድ 16 ማክኦኤስ ሶኖማ የተባለውን የማክ ኮምፒዩተር ሥርዓት ይጠይቃል፤ ሶኖማ ደግሞ ከ2018 በፊት በተሠራ ማክቡክ ፕሮ ላይ አይጫንም። ስለዚህ በነፃ የሚወርደው ኤክስኮድ ያገለገለ የ2017 ላፕቶፕ ላለው ሰው አዲስ ኮምፒዩተር የመግዛት ያህል ይሆንበታል። የአይፎን መተግበሪያ ለመሥራት ከደንበኛ ጋር ውል የሚፈርም ቢሮ ይህን ሰንሰለት በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት አለበት፤ በኋላ የሚጠይቀውን ደንበኛው አይከፍልም።

ወደ መጀመሪያው 15 ደቂቃ እንመለስ፤ ቁጥሩ ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ከጠያቂው ጉጉት ነው። አዲሱን ከመግዛት በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሁሉ ሲጠብቅ የሚያባክነውን ጊዜ በወረቀት ቢመዘግብ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። እኔ ባየሁት አንድ ቢሮ ከፍተኛው ብክነት ከኮድ መጻፊያው ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋና መብራት ከመጣ በኋላም ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ሁሉም ቡና ሊጠጣ ይወጣ ነበር። ላፕቶፖቹ ባትሪ አላቸው፤ ራውተሩ ግን የለውም። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከገዙ በኋላ የአዲሱ ኮድ መጻፊያ ጥያቄ ተረሳ። ሌላ ጊዜ የሚገኘው መልስ የሜሞሪ ማነስ ነው፤ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ወጪ ስለሆነ በየወሩ ከሚታደስ የዶላር ክፍያ ጋር ሲወዳደር አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። የተቆጠበው ደቂቃ ሁሉ እኩል እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በቀን ሠላሳ ጊዜ ሰላሳ ሰላሳ ሴኮንድ መቆጠብ በሒሳብ 15 ደቂቃ ነው፤ በተግባር ግን ማንም በሰላሳ ሴኮንድ ሌላ ሥራ አይሠራም። አንድ ጊዜ የሚያስጠብቅ 15 ደቂቃ ግን ፕሮግራመሩን ስልኩን እንዲያወጣ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሊወገድ የሚገባው መጀመሪያ እርሱ ነው።

አለማሻሻልም ትክክለኛ ውሳኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ የሚተካ ፕሮግራም ላይ 300 ሰዓት ማፍሰስ ትርጉም የለውም፤ ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ አንድ የመጋዘን ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሚሠራ ፕሮግራምም እንዲሁ። በ1998 በወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፉ ፕሮግራሞች፣ የመሥሪያው ድጋፍ በኤፕሪል 2008 ቢያበቃም፣ ዛሬም በዊንዶውስ ላይ ይሮጣሉ። ነገር ግን የተወው ሰው የሚከፍለው ትንሽ ነገር አለ። ፕሮግራሙ መሮጡና ፕሮግራሙን ማረም መቻሉ ይለያያሉ፤ አንድ ቀን የታክስ ስሌት ሲቀየር ኮዱን ከፍቶ እንደገና ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ማለትም ወደሚሮጥ ፕሮግራም የሚቀይር ኮምፒዩተር መኖር አለበት። የመጫኛውን ዲስክ ቅጂ፣ የፈቃድ ቁጥሩን፣ የኮዱን ምንጭና ሁሉም ነገር የተጫነበትን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በካርቶን አድርጎ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጽፎ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አብርቶ መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ቻርጀሩም ካርቶኑ ውስጥ ይሁን፤ ያንን ላፕቶፕ አግኝተን ቻርጀሩን ፍለጋ ግማሽ ቀን የዞርንበት ጊዜ ነበር።